የራስ ሸክምና የባልንጀራ ሸክም

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ፣ በጥቂት ቍጥሮች ልዩነት ብቻ፣ አስተዋይ አንባቢን ቆም የሚያደርጉ ሁለት ቃላት ይገኛሉ፤ በፊተኛው ምእመናን በሸክም እንዲረዳዱ ያዝዛል፣ በኋለኛው ግን ሸክም ለእያንዳንዱ ሰው የገዛ ራሱ ዕዳ መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያጋጥም «አንድም» እያለ ምሥጢሩን የሚያሰፋ መምህር የፊተኛውን ለዚህ ዓለም ኑሮ፣ የኋለኛውን ለዕለተ ፍርድ ሰጥቶ ሊያስታርቃቸው ይችላል፤ ፍቹም መልካም ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ወደሚመጣው ዓለም ስለሚያሻግረው፣ ገና በሥጋ ሳለን ከሸክማችን የትኛውን ለባልንጀራ ልናካፍል እንደሚገባን፣ የትኛውን ደግሞ ብንፈልግ እንኳ ልናካፍል እንደማንችል ለማወቅ የሚሻውን ሰው አያሳርፈውም። እኔ ለዚህ ነገር ጥቂት ብርሃን ያገኘሁት ማንም ይፈልገዋል ብሎ ከማያስበው ስፍራ፣ ፈረንጆች ለስፖርት ብለው ካወጡት ከአንድ እንግዳ ውድድር ነው።

ይህ ውድድር በዛሬው መልኩ የታወቀው ጄራር ፉዚል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዚላንድ ባዘጋጀው ጉዞ ሲሆን፣ አምስት አምስት ሆነው የሚሰለፉት ተወዳዳሪዎች ከመካከላቸው ቢያንስ አንዲት ሴት እንድትኖር ይገደዱ ነበር፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1995 ማርክ በርኔት በአሜሪካ በዩታ ምድረ በዳ «ኤኮ ቻሌንጅ» ያለውን ጀመረ፤ ዛሬ በአብዛኛው ወንድና ሴት ተቀላቅለው አራት ሆነው ይወጣሉ። የተጠረገ መንገድም ሆነ የተተከለ ምልክት የለም፤ በካርታና በኮምፓስ ብቻ እየተመሩ፣ አንዴ በእግር፣ አንዴ በተራራ ብስክሌት፣ አንዴ በካያክ፣ አንዴም በገመድ ገደል እየወረዱ ከአንዱ መመዝገቢያ ጣቢያ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ሰዓቱ ሌሊትም ስለማይቆም መቼና ምን ያህል እንደሚተኙ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት በዱር መካከል የሌለ ቤት፣ የሌለ ሰው የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ከሕጉ ሁሉ ግን ለእኛ ነገር የሚጠቅመው አንድ ነው፦ የቡድኑ ሰዓት የሚቈጠረው ፈጣኑ በደረሰበት ሳይሆን የመጨረሻው ሰው በደረሰበት ሰዓት ነው፤ አንዱም ከቀረ ሦስቱ ቢደርሱ እንኳ ደረጃ የላቸውም። ቀድሞ የመድረስ ጕብዝና እንዲህ ባለው ሕግ ፊት ምን ዋጋ አለው?

ከመነሣታቸው በፊት ዕቃቸውን መሬት ላይ ዘርግተው በተቈጣጣሪ ፊት ያስመረምራሉ፤ ዝርዝሩም በሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ክፍል የየራስ ይባላል፤ የራስ ቁር፣ በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ቢላዋ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሙቀት የሚይዝ የውስጥ ልብስ፣ ከሙቀት ማጣት የሚያድን ስስ ብርድ ልብስ። ሁለተኛው የማኅበር ነው፤ ድንኳን፣ ገመድ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መድኃኒት፣ ካርታና የድረሱልን ጥሪ ማስተላለፊያ። የማኅበሩን ዕቃ እንደ ጕልበታቸው ይከፋፈሉታል፤ በዚህ ረገድ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በትክክል ይሠራል፣ ምንም እንኳ ብሂሉ ሎሚውን እኩል አካፍሎ እነርሱ ግን ብርቱው አብዝቶ ደካማው አሳንሶ እንዲይዝ ቢያደርጉም። የየራስ የተባለውን ግን ማንም ለማንም አይይዝም። ፊሽካው በጓደኛ ከረጢት ውስጥ ቢሆን በጨለማ ከገደል አፋፍ የተንሸራተተው ሰው ምን ይነፋል? ቢላዋውም በመንሳፈፊያው ሰደርያ ደረት ላይ የሚታሰረው፣ ካያክ ተገልብጦ ገመድ እግር ሲጠልፍ ለመቍረጥ የሚኖረው ጊዜ እጅን ወደ ደረት ከመስደድ ስለማይረዝም ነው። የሰው ብቸኝነት የሚጀምርበትን ስፍራ፣ ማኅበር እጁን ዘርግቶ የማይደርስበትን ስንዝር፣ ከብዙ ፈላስፎች ይልቅ ይህ ዝርዝር ያወቀው ይመስለኛል።

ከዕቃው ሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን ተራ የላስቲክ ገመድ ነው። አንዱ ጫፉ ከብርቱው ሰው ከረጢት ጀርባ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፉ በትንሽ ቀለበት ከደከመው ሰው የደረት ማንገቻ ላይ ይሰካል፤ ሲጓዙ ላስቲኩ ሳያንገጫግጭ ይሳባል፣ ዳገቱ ሲያልቅም ቀለበቱ በአንድ እጅ ይፈታል። ለብስክሌትም ከመቀመጫው በስተኋላ የሚወጣ እንዲህ ያለ መሳቢያ ያዘጋጃሉ፤ ይህንንም ከውድድሩ ወራት አስቀድመው ይለማመዱታል፣ ምክንያቱም ተሳቢው ፍሬኑን መቼ እንደሚይዝ፣ ሳቢውም ከኵርባ በፊት እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ ካልተማሩ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። የሚያስደንቀው ግን መሳብን መማር ቀላል፣ መሳብን መቀበል ከባድ መሆኑ ነው። ጕልበተኛው ገመዱን ለመስጠት ማንም ሳይነግረው ይቸኵላል፤ ደካማው ግን ቀለበቱን በደረቱ ላይ ከመሰካት ይልቅ እያነከሰ አንድ ሰዓት ማዝገምን ይመርጣል፣ በዚህም የጓደኞቹን ጊዜ እየበላ ራሱን እንደ ታጋሽ ይቈጥራል። ትዕቢት የትዕግሥትን ልብስ ለብሶ ሲሄድ እንዲህ ባለ ግልጽ ቀን የሚታይበት ስፍራ ብዙ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በፊጂ ደሴቶች የተደረገውን እንመልከት። ከ30 አገሮች የመጡ 66 ቡድኖች በ11 ቀን ውስጥ 671 ኪሎ ሜትር ሊጓዙ ተነሡ፤ በሸራ ጀልባ ባሕር ተሻገሩ፣ ከቀርከሃ ታንኳ ሠርተው በወንዝ ወረዱ፣ በፏፏቴ አጠገብ በገመድ ወጡ። ሐሩር በሆነው በዚያ ምድር ብዙዎችን ያሸነፋቸው ታዲያ ሙቀቱ ሳይሆን ብርድ ነበር፤ በደጋው ሸለቆ ውስጥ በቀዘቀዘ ውሃ እየዋኙና እየተራመዱ ሲያልፉ ገላቸው ሙቀቱን አጣ። ስለዚህ ስንቅን ሁሉ አስቦ መጨረስ እንደማይቻል ማንም ያያል። ልብ የሚባለው ብርዱ የሚሠራበት መንገድ ነው፦ ገላው እየቀዘቀዘ የሄደ ሰው በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ጣቱ አልታዘዝ ይላል፣ ከዚያ አእምሮው ይደነዝዝና ደኅና ነኝ ይላል። እንግዲህ «በረደኝ» የሚለው ቃል የሚነገርበት ጊዜ አለው፤ ያ ጊዜ ካለፈ ተናጋሪው ራሱ የለም። እግርም እንደዚሁ ነው፤ ተረከዝ ገና መጋል ሲጀምር ተቀምጦ፣ ጫማ አውልቆ፣ አሸዋውን አራግፎ፣ ቦታውን በፕላስተር ለመሸፈን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ «አሁን አላቆማቸውም» ብሎ ያለፈው ሰው ግን ውሃ የቋጠረው እግሩ ሲፈርጥ አራቱንም ግማሽ ቀን ያስቀምጣቸዋል።

የሐዋርያው ሁለተኛ ቃል የተከፈተልኝ በዚህ ነው። ከረጢቴን ባልንጀራዬ ሊይዝልኝ ይችላል፤ ካርታውን ሊያነብልኝ፣ ገመዱን ሊስብልኝ፣ እኔ ስተኛ ሊነቃልኝ ይችላል። እስኪያየው ድረስ የማይችለው ግን ድካሜን ማወቅና ድካሜን መናገር ነው፤ ይህ ሸክም ከደረቴ ውጭ ሌላ ትከሻ የለውም። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ትእዛዛት እርስ በርሳቸው አይጣሉም፣ ይልቁንም አንዱ የሌላው በር ነው፤ የራሱን ሸክም፣ ይኸውም ጕድለቱን የመግለጥን ሸክም ያልተሸከመ ሰው ሌሎች ሸክሙን ይሸከሙለት ዘንድ መንገዱን ዘግቶባቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ገቢውን ወደ አበ ነፍሱ ሂድ የምትለው፣ እግዚአብሔር ኀጢአቱን ስለማያውቅ አይደለም። ካህኑ ቀኖናውን እንደ ተነሳሒው ዐቅም ለመመጠን፣ ከእርሱም ጋር ለመጸለይ አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ከልብ የወጣ ቃል ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጕዞ የሚሰናዳ ቡድን ከሩጫውና ከቀዘፋው ጋር ድካምን መናገርንም ሊለማመድ ይገባዋል፤ ልምምዱም ቀላል አይደለም፣ ብርቱ ሆኖ ለኖረ ሰው ከተራራ ይከብዳል።

በግብፅ በረሃ የማኅበርን ምንኵስና በ4ኛው መቶ ዓመት የሠራው፣ ሥርዓቱም ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ ለገዳሞቻችን የደረሰው አባ ጳኵሚስ ይህን ከማንም በፊት የተረዳ ይመስላል። ብቻውን በዋሻ የሚጋደለው ባሕታዊ ጾሙንም ስግደቱንም ለራሱ ይመጥናል፤ አባ ጳኵሚስ ግን ብዙዎችን በአንድ አጥር ውስጥ ሲሰበስብ መብሉንም ሥራውንም ለእያንዳንዱ እንደ ኀይሉ መጠን እንዲሰጥ ሥርዓት ሆነ። ለሁሉ አንድ ልክ ማድረግ ይቀል ነበር። እንደ ኀይል መጠን መስጠት ግን የእያንዳንዱ ኀይል እንዲታወቅ ግድ ይላል፣ ኀይልም የሚታወቀው መነኵሴው ለአበ ምኔቱ እውነቱን ሲናገር ነው።

ወደ ውድድሩ ስንመለስ፣ ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ባሕር ተሻግሮ በራሱ ላይ ሸክም እንደሚጭን ብትሰማ ትስቅ ይሆናል፤ ሳቋም የተገባ ነው። ፈቅዶ የሚገባበት መከራ ከማይቀረው መከራ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ሆኖም መነኵሴም ፈቅዶ ይገባል፣ እኛም የሰውን ባሕርይ ከእርሱ ተጋድሎ እንማራለን።

ይህ ሁሉ አሳብ አንድ ጽኑ መከራከሪያ ይገጥመዋል። በዚያው በፊጂ ውድድር ማርክ ማሲ የተባለ አሜሪካዊ ጠበቃ ከልጁ ከትራቪስ ጋር ተሰልፎ ነበር፤ አባት በቀደሙት ዘመናት በዚህ ውድድር ደጋግሞ የታየ ብርቱ ሰው ሲሆን፣ ከጉዞው በፊት በነበረው ዓመት አልዛይመር የተባለው የመርሳት ሕመም እንዳለበት ሐኪሞች ነግረውት ነበር። ድካሙን የሚያውቅበት ልቡና ራሱ እየደከመ የሚሄድ ሰው የራሱን ሸክም እንዴት ይሸከማል? ልጁ የአባቱን መታጠቂያ ቢያጠብቅለት የመጀመሪያውን ትእዛዝ ፈጸመ፤ ሁለተኛውን ማን ይፈጽማል? ማርክ ማሲ ሕመሙን ሳይሸሽግ ገና ከመነሻው ለባልንጀሮቹም ለዓለምም ገልጦ ስለነበር፣ መናገር በሚችልበት ጊዜ ተናግሮ ሸክሙን አስቀድሞ ተሸክሟል ማለት ይቻላል፤ እነርሱም ጉዞውን ሳይፈጽሙ አቋረጡ። ይህ መልስ ግን ለመናገር ጊዜ ላላገኘው፣ ደኅና ነኝ እያለ ለቀዘቀዘው ሰው አይበቃም። ለእርሱ የሚሆን መልስ የምናገኘው ከጥምቀት ሥርዓት ነው፦ ሕፃኑ ሰይጣንን መካድም በሥላሴ ማመንም ገና በአንደበቱ ሊናገር ስለማይችል የክርስትና አባቱ ቆሞ ይናገርለታል፣ ቤተ ክርስቲያንም ያንን ቃል የሕፃኑ ቃል አድርጋ ትቀበላለች። ስለዚህ ከንፈሩ ሰማያዊ የሆነውን ጓደኛውን አይቶ «እርሱ በርዶታል፣ እንቁም» የሚል ሰው የሌላውን ነፃነት ነጠቀ ሊባል አይገባም፤ ከንፈሩንም በጊዜው ለማየት በየሰዓቱ ወደ ኋላ ዞሮ ባትሪውን በጓደኞቹ ፊት ላይ ማብራት ይኖርበታል።