ኢየሉጣ ከጋኑ ፊት ስትቆም

ሐምሌ 19 ገብርኤልን ለማንገሥ ዝናቡን ችለን ስንቆም፣ የሕፃኑ ቂርቆስ ታሪክ ሲነገር «ልጅ ምን ያውቃል፣ ባያውቅ ነው ያልፈራው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አባባል ያሳዝነኛል።

ታሪኩን እናውቀዋለን። በዘመነ ሰማዕታት ኢየሉጣ የሦስት ዓመት ልጇን ቂርቆስን ይዛ ስትሰደድ ተይዛ መኮንኑ ፊት ቀረበች። ሊጥሏቸው ያዘጋጁትን፣ ውኃ የሚንተከተክበትን ጋን ስታይ ልቧ ራደ። ያጽናናት ልጇ ነው፤ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያወጣውን አምላክ አስታወሳት። ታኅሣሥ 19 የምናከብረውም የእነዚሁን የሦስቱን መዳን ነው።

እኔ ያደግሁት ቡሬ ዙሪያ፣ ገጠር ነው። ምድጃው እቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው፤ ልጅ ዳዴ ማለት ሲጀምር ጉልቻውን እየዞረ ነው። እጁ ላይ ወይም እግሩ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለበት ብዙ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ፍል ውኃ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ባላነሰ ያውቃል።

ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ያለችው እህቴ ጭቃ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ ወለቀ። ወጌሻው ቅቤ ቀብተው ሲያሹላት ቆዩና ሊስቡት ሲሉ እግሯን ነጠቀቻቸው። ደግመው ሲይዙት ደግማ ነጠቀች። ልጇ አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ መብረቅ በጮኸ ቁጥር ጋቢ ውስጥ የምትወሸቅ ናት። ተነሥታ ራስጌዋ ሄደችና የእናቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። «እማ፣ እግርሽን አትይው። እኔን እይኝ» አለቻት። የልጅቱ ከንፈር ይንቀጠቀጥ ነበር። እህቴ ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል «በሉ፣ ይሳቡት» አለች።

ያ የሚንቀጠቀጥ ከንፈር ከዓይኔ አይጠፋም። ልጅቱ ፈርታለች፤ የእናቷ ጭንቀት ግን ከራሷ ፍርሃት በለጠባት። ቂርቆስም የጸለየው ለእናቱ ነበር። ጭንቅ ሲመጣ እኛ ትልልቆቹ ስለራሳችን ብቻ እያሰብን የምንርበተበተው፣ የምናጽናናው ሰው ከጎናችን መኖሩን ስለምንረሳ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ልጁም አልቻለም፤ በእናቱ ፈንታ ጋኑ ውስጥ ሊገባላት አይችልም። ውኃውን ያበረደው መልአኩ ገብርኤል ነው፤ ከዚያ በፊት ግን እግሯን ማንሣት የነበረባት ኢየሉጣ ናት። መምህሮቻችን በየዓመቱ የእሳቱን ኃይልና የጋኑን ፍላት አሳምረው ይተርኩልናል፣ እግዜር ይስጣቸው። እናቲቱ ያመነታችባትን ያችን ሰዓት ግን አለፍ ይሏታል። እዚያ ላይ ቆም ቢሉልን፣ ፍርሃቷን ሳይሸፍኑ ቢነግሩን እወዳለሁ፤ ልጅ አዝለው በዝናብ የሚመጡት እናቶች ያን መስማት ይገባቸዋል።