ልክ ነው ወይስ ይቅር ይባል?

እስቲ ለጥቂት ጊዜ ወደ ባሕር እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የተባለች ትንሽ መርከብ ከእንግሊዝ አገር ወደ አውስትራሊያ ስትጓዝ አትላንቲክ ላይ ሰጠመች። አራት ሰዎች በጀልባ ተረፉ፤ ካፒቴኑ ዳድሊ፣ ስቲፈንስ፣ ብሩክስና የ17 ዓመቱ ተላላኪ ሪቻርድ ፓርከር። ስንቃቸው ሁለት ጣሳ አትክልት ነበር፤ አንድ ኤሊም ያዙ። ያም አለቀ። ልጁ የባሕር ውሃ ጠጥቶ ታመመ። በ20ኛው ቀን ገደማ ዳድሊ ከስቲፈንስ ጋር ተስማምቶ ልጁን አረደው። ብሩክስ አልተስማማም፤ ሲበላ ግን አብሮ በላ። ከአራት ቀን በኋላ አንዲት መርከብ አገኘቻቸው።

አገራቸው ሲገቡ ዳድሊ ምንም ሳይደብቅ ተናገረ፤ የባሕረኞች ልማድ ያድነኛል ብሎ ነበር። ዳኞቹ ግን ችግር ግድያን ልክ አያደርግም ብለው በሁለቱ ላይ ሞት ፈረዱ። ቅጣቱም በዘውዱ ምሕረት ወደ 6 ወር እሥራት ዝቅ አለ።

ይህን አንስተን ስንከራከር አመሸን። አንዳችን "ችግር በቅቤ ያስበላል" ቢል፣ ሌላው "ሰውና ቅቤ አንድ ነው እንዴ?" አለው።

ክርክሩን ያከረረው ሁለት ነገር መቀላቀላችን ነው። "ልክ ሠራ" ማለት ሌላ፣ "አጥፍቷል፣ ግን አይፈረድበትም" ማለት ሌላ። የፊተኛው ስለ ድርጊቱ፣ የኋለኛው ስለ ሰውዬው ይናገራል። እብድ ሰው ሲገድል ገዳዩን አንቀጣም፤ ግድያውን ግን ማን ያመሰግናል? ዳድሊ ልክ ነበር ካልን፣ ፓርከር ቢታገለው ኖሮ ጥፋተኛው ፓርከር ሊሆን ነው! ይቅር ይባል ካልን ግን የልጁ ነፍስ እስከ መጨረሻው የራሱ ናት፤ እኛም "በዚያች ጀልባ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር?" ብለን አፋችንን እንይዛለን።

ታዲያ ይቅርታው ለምን በቤተ መንግሥት በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ? የሚገባ ከሆነ በሕግ ይጻፍ፤ ሰው በመብቱ ይጠይቀው እንጂ ደጅ መጥናት የለበትም።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልን አለ። ዕጣ እንጣል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ አልተጣለም። ዳድሊ "እኛ ቤተሰብ አለን" አለ፤ ልጁ ወላጅ አልነበረውም። ረሃብ እጅን ያስገድዳል፣ እሺ። እጁ በማን ላይ እንደሚያርፍ ግን ረሃብ አልመረጠም። በሽተኛውን፣ ትንሹን፣ ወላጅ የሌለውን የመረጠው ሰው ነው። ረሃቡን ይቅር እንላለን። ለምርጫው ግን 6 ወር ይበዛል ወይስ ያንሳል? ሌሊቱን ሙሉ አልተስማማንም፤ ያንሳል ያልነው ግን እንበዛ ነበር።