ያልታየች ከተማ እንዴት ትነደፋለች?

ሰማያዊት ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተስፋ ስም ብቻ አይደለችም፤ በር፣ ቅጥር፣ መሠረትና ልክ ያላት ከተማ ናት። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ርዝመቷ፣ ወርዷና ከፍታዋ እኩል 12,000 ስታዲዮን ነው፤ በዛሬ መለኪያ ወደ 2,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቅጥሯ 144 ክንድ፣ በሮቿ በየጎኑ ሦስት ሦስት ሆነው 12 ናቸው። ልኳ ይህን ያህል ተዘርዝሮ ሳለ ሰዓሊን የሚያስቸግረው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሷን የሚያይ ሰው የት ይቆማል?

በአውሮፓ ጣሊያናዊው አልበርቲ በ1435 እ.ኤ.አ. የጻፈለት የፐርስፔክቲቭ አሣሣል ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። አንድ ዓይን በአንድ ቦታ ይቆማል፤ ወደ ጥልቀት የሚሄዱት መስመሮችም ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ። በዚህ ዘዴ ግን ከውጭ የታየች ባለ አራት ማዕዘን ከተማ ቢበዛ ሁለት ገጿን ታሳያለች፤ ከ12ቱ በሮች ስድስቱ ይቀራሉ። ፕላን፣ ማለት የወለል ንድፍ፣ በአንጻሩ ተመልካች አይፈልግም። ነቢዩ ሕዝቅኤል ከምዕራፍ 40 ጀምሮ ስለ ቤተ መቅደሱ የተረከው በዚህ መንገድ ነው። የመለኪያ ዘንግ የያዘ ሰው ከበር ወደ በር እየመራው ርዝመትና ወርድ ይነግረዋል፤ ቁመት የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው። ያ ጽሑፍ ለአናጢ ያስቸግራል፤ ለነዳፊ ግን ፕላን ሆኖ ይነበባል።

በኢትዮጵያ ቀኖና ውስጥ ከዚህም የጠነከሩ ሁለት ራእዮች አሉ። በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 14 ባለ ራእዩ እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ እንደ በረድም የሚቀዘቅዝ ቤት ይገባል፤ ከዚያ በሩ የተከፈተ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ሌላ ቤት ያያል። ብዙ ተርጓሚዎች ሁለተኛውን ውስጠኛው ቤት ያደርጉታል። ከውጭው የሚበልጥ ውስጥ በየትኛውም ሴክሽን፣ ማለት ሕንጻን ቆርጦ በሚያሳይ ንድፍ፣ አይወጣም። በመጽሐፈ ዕዝራ ሱቱኤል ደግሞ ለልጇ የምታለቅስ ሴት በዕዝራ ፊት ተለውጣ ከተማ ትሆናለች። ነገሩ የሚሆነው ሰው መሠረት ባልጣለበት ሜዳ ላይ ነው፤ መልአኩም ዕዝራን ገብቶ ዓይኑ የቻለውን ያህል እንዲያይ ይነግረዋል። የተሰጠው የሚቆምበት ነጥብ ሳይሆን የመግባት ፈቃድ ነው።

ከአንድ ነጥብ የሚያየው ፐርስፔክቲቭና ተመልካች የማይፈልገው ፕላን፣ እነዚህ ሁለት የአሣሣል ጠባዮች፣ በጎጃም ተገናኝተዋል፤ የመጀመሪያው በምሥራቅ ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም ይታያል። የአካባቢው ትውፊት የደብሩን ጅማሮ ከአብርሃና አጽብሐ ጋር ያያይዘዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ እቴጌ እሌኒ በዚህ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በቦታው እንደገና ገነቡ። ዛሬ የቆመው ፍርስራሽ አራት ማዕዘን፣ ድንጋዩም በጌጥ የተጠረበ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም አዳራሽ በር ላይ የቆመን ሰው ዓይን ቀጥ አድርጎ ወደ መሠዊያው ይስባል።

ከኢየሱሳውያን ጋር የአውሮፓ ሕትመት ሥዕሎችም ገቡ፤ በ1593 እ.ኤ.አ. በአንትወርፕ የታተመው የኢየሱሳዊው ናዳል የወንጌል ሥዕል መጽሐፍ አንዱ ነው። በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም በጎንደር ዘመን ብራናዎች ላይ ተቀድተዋል። ቀጂዎቹ ሰዎቹን፣ አቋቋማቸውንና እጃቸውን ወሰዱ፤ ወደ ኋላ የሚሸሸውን አደባባይና ሕንጻ ግን ወደ ቀለም መደብ ለወጡት። ይህን ባለማወቅ መተርጎም ቀላል ነው፤ ግን አያሳምንም። የጣትን እጥፋት ሳይቀር የቀዳ እጅ የመንገድን መስመር መቅዳት አያቅተውም። የተተወው ለፈለጉት ነገር ስላልጠቀመ ነው ማለት ይሻላል፤ ቅዱሱ በርቀት ምክንያት እንዲያንስ አልፈለጉም።

በጎጃም ገጠር የተለመደው ክብ ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ በአንድ ዕይታ ነጥብ ያለመታሰር ጠባይ በግንብ ያሳያል። ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን ይከባል፤ ቅድስቱ አራት ማዕዘኑን መቅደስ ይከባል። ሥዕሎቹ በመቅደሱ ውጭ ግድግዳ ላይ ስለሆኑ ደቡቡን የሚያይ ሰው ሰሜኑ ይሰወርበታል፤ ሁሉን ለማየት መዞር ግድ ነው። መካከሉ ደግሞ ለካህናት ካልሆነ አይታይም። በዚህ ቤት ሙሉው ምስል የሚገኘው በፕላን ላይ ወይም በዞረው ሰው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው።

የመርጡለ ማርያምን ፍርስራሽ ለሚነድፍ አርክቴክትም ችግሩ ያው ያልታየውን መንደፍ ነው፤ ጣሪያው የለም። በፕላን ላይ የቆመው ግንብ በደማቅ መስመር ይሰመራል፤ የተገመተው በቁርጥራጭ መስመር ይለያል፤ አንባቢውም የታየውን ከታሰበው ለይቶ ያውቃል። በፐርስፔክቲቭ ከተሣለ ግን ለግምቱም ብርሃንና ጥላ መስጠት ያስፈልጋል፤ ያኔ የታየውና የታሰበው እኩል እርግጠኛ ይመስላሉ። ስለዚህ የፍርስራሹ ፐርስፔክቲቭ ከፕላኑ ጋር ጎን ለጎን ቢቀርብ ይመረጣል።