ዕጣኑ የሚጨሰው ለማን ነው?

በሐዋሳ አሞራ ገደልን የማያውቅ የለም። ጠዋት ጀልባዎች ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶውና አምባዛው ከመረብ ይለቀማል፤ ቢላዋ የያዙ ወጣቶች ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ አባ ኮዳዎች ዙሪያውን ቆመው ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። እዚያ የዋለ ሰው የዓሣውን ሽታ በልብሱ፣ በጸጉሩና በጥፍሩ ሥር ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሳሙና ቢታጠብ፣ በሎሚ ቢታሽ ቶሎ አይለቀውም።

እዚያ ዓሣ እየሸጠ ልጆቹን የሚያሳድግ አንድ ወዳጄ ያጫወተኝ ነገር ይህን እንድጽፍ አነሳሳኝ። ቤቱ ወግ ያለው ቤት ነው፤ ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል፣ እንግዳ ሲመጣ ሰንደል ይጨመራል። አንድ ቀን እርሱ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ገና ከመግባቱ ሴት ልጁ ብድግ ብላ ፍሙ ላይ ዕጣን ጨመረች፤ ማጨሻውንም ወደ በሩ አስጠጋችው። ክፉ አላሰበችም። እርሱ ግን «በገዛ ቤቴ ባዕድ የሆንኩ መሰለኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ውጭ ያመሻል።

ውድ አንባቢ ሆይ! ዕጣኑ ያው ዕጣን፣ ፍሙም ያው ፍም ነው። ታዲያ እንግዳውን «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለው ጭስ አባትን «ሸተትክ» ያለው ስለምን ነው?

መልካም ሽታን መውደድ ሱንና መሆኑ አያጠራጥርም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽቶ ይወዱ ነበር፤ ሲሰጣቸውም እንደማይመልሱ አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ወደ ቤታቸው ሲገቡ በቅድሚያ ጥርሳቸውን በሲዋክ ያጸዱ እንደነበር ደግሞ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። ልብ እንበል፤ ጥንቃቄያቸው ለመስጊድና ለእንግዳ ብቻ አልነበረም፣ ለቤተሰባቸውም ጭምር እንጂ። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጊድ እንዳይቀርብ መከልከላቸውም ሽታ የሌላውን ሐቅ እንደሚነካ ያስተምረናል። ስለዚህ ወዳጄም ድርሻ አለበት። የሥራ ልብሱን በር ላይ አውልቆ ታጥቦ መግባት ከእርሱ ይጠበቃል።

ሆኖም የጁሙዓ ትጥበትን ነገር እናስታውስ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ሰዎቹ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ነበሩ፤ ከነላባቸውና ከነአቧራቸው ወደ ጁሙዓ ይመጡ ነበር። ቢታጠቡ መልካም እንደሆነ ተነገራቸው እንጂ ሥራቸው አልተነወረም። ሰው ከእጁ ሥራ ከሚያገኘው የተሻለ ምግብ እንደማይበላ፣ የአላህ ነቢይ ዳውድም (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ያስተማሩት መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) አይደሉምን? የጾመኛ አፍ ጠረን አላህ ዘንድ ከሚስክ እንደሚበልጥም ነግረውናል። የዓሣን ሽታ ከጾመኛው ጠረን ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ ነገር ግን አፍንጫችን የሸሸው ሁሉ የተናቀ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በኒያውና በጊዜው ላይ ነው። ዕጣን ሰው ከመምጣቱ በፊት ሲጨስ አቀባበል ነው፤ ከገባ በኋላ በእርሱ ሰበብ ሲጨስ ወቀሳ ይሆናል። ብዙዎቻችን ምርጡን ለእንግዳ አስቀምጠን ለቤቱ ባለቤት የወጥ ቤቱን ጭስ እንተውለታለን። ይህ ሚዛን የሳተ ነው፤ ከሰው ሁሉ በላጩ ለቤተሰቡ መልካም የሆነው እንደሆነ ተምረናልና።

ለዚህ ውድ ዑድ መግዛት አያስፈልግም። የመተማም ሆነ የቦረና ዕጣን፣ ጥቂት ፍሬ ይበቃል፤ ጭሱ የሕፃንንና የአስም ሕመምተኛን ደረት እንዳይዘጋም መስኮት ይከፈት። ከዕጣኑ በፊት ግን ሞቅ ያለ ውሃና ሳሙና ከበሩ አጠገብ ይቅረብ፤ የታጠነ ንጹሕ ልብስ ይዘጋጅ፤ ለሰላምታውም በፈገግታ መልስ ይሰጠው።

ወዳጄንም «ለልጅህ ንገራት እንጂ ውጭ አትምሽ» አልኩት። ያላወቀችውን እንዴት ታስተካክል? ያ ሽታ የእርሷ ደብተርና ጫማ የተገዛበት ነው። ይህን ስታውቅ ዕጣኑን ቀድማ ታጨሳለች።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን በመልካም ሽታና በመልካም ጠባይ የታነጹ ያድርግልን። አሚን።