ርኅራኄና ፍርድ፤ ከዶሮ ግቢ የተነሣ አሳብ

የሥነ ምግባርን ነገር የሚመረምሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ምሳሌያቸውን የሚወስዱት ከነገሥታት ታሪክ፥ ከጦር ሜዳና ከፍርድ ሸንጎ ነው። እኛ ግን ዛሬ አንባቢን ወደ አንድ ጓሮ ልንወስደው እንወዳለን። ጓሮው የሚገኘው በሐረር ከተማ፥ በጁገል ግንብ ውስጥ፥ ከኤረር በር ጥቂት እልፍ ብሎ ነው፤ በውስጡም የሚኖሩት ዶሮዎች ናቸው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። ሶቅራጥስ እንኳ መርዙን ከጠጣ በኋላ ለወዳጁ ለክሪቶን ያሳሰበው የመጨረሻ ነገር ለአስክሌፒዮስ የሚከፈል የአንድ አውራ ዶሮ ዕዳ እንደ ነበረ አፍላጦን ጽፎልናል። በእኛም ጓሮ አንዲት ነፍስ ጠፍታለች፤ ያጠፋትም ክፋታችን ሳይሆን ደግነት ብለን የጠራነው ነገር ነበር።

ሐረሪዎች አርጎብ በሪ የሚሉት ኤረር በር፥ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ባሠሩት ግንብ ላይ ካሉት ከአምስቱ ጥንታውያን በሮች አንዱ ሲሆን ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የገባው በዚሁ በር እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ግን ጎሕ ሲቀድ በዚህ በር የሚገቡት ከኤረር ወገን ካለው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ገበሬ ሴቶች ናቸው። ወተት፥ አትክልትና ማገዶ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ቍልቍል አንጠልጥለው ይይዛሉ። ሲመሽ ደግሞ ከበሩ ውጭ ጅቦች ከሰው እጅ ሥጋ ይቀበላሉ፤ በግንቡም ግርጌ እነዚሁ ጅቦች ወደ ከተማው የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ዶሮ የሚያረባ ሰው ዶሮዎቹን ውጭ ትቶ ሊያድር አይችልም፤ ማታ ማታ አንድ በአንድ ቆጥሮ ማስገባትና መዝጋት ግዴታው ነው። በየማታው የሚቈጥር ሰው ደግሞ እያንዳንዷን በመልኳና በጠባይዋ ያውቃታል። የችግራችንም መነሻ ይኸው ማወቅ ሆነ።

ዶሮ ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። ዘሩ የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ቢሆንም፥ በትግራይ መዝብር በተባለው ስፍራ ተቈፍሮ የተገኘ የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ እንደሚደርስ ተመርምሮ ታውቋል፤ ይህም በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ጥንታውያን ማስረጃዎች አንዱ ነው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ከሐረር ብዙም በማይርቀው በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፥ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው፥ የውጭ አገር ዝርያዎች እየመጡ ተሞክረዋል። ነጭ ላባ ያላት ሌግሆርን በደንብ ከተያዘች በዓመት ከሁለት መቶ በላይ እንቁላል ስትጥል ያበሻይቱ ዶሮ ግን ከ40 እስከ 60 የሚያኽል ብቻ ትጥላለች። እንግዲያስ ያበሻውን ዶሮ ስለ ምን ታረባላችሁ እያሉ ወዳጆቻችን ይጠይቁናል። መልሳችን አጭር ነው። ያቺ የምትጥለውን አትታቀፍም፤ ማቀፍን ከዘሯ አጥፍተውባታል። የእኛይቱ ግን እንቁላሏን ታቅፋ፥ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር ሰብስባ፥ ጭልፊት ሲያንዣብብ ላባዋን ነፍታ ትጠብቃለች። ለዚህ ሲባል እንቁላሉ ቢያንስ አይቈጨንም። ዶሮ ታቅፋ በምትፈለፍልበት ግቢ ግን ሴት ብቻ አይወለድም፤ ወንድም ይወለዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበሩ ገበያ ስድስት ሴት ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ ገዝተን ነበር። ከሴቶቹ አንዲቱ፥ ገብስማይቱ፥ በጥቅምት ወር አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ በ21ኛው ቀን ዐሥር ጫጩቶች ፈለፈለች። ሁለቱን ጭልፊት ወሰደብን፤ ስምንቱ አደጉ። ከሚፈለፈለው እኩሌታው ወንድ፥ እኩሌታው ሴት ነው ቢባልም፥ ዕድል በአንድ ግቢ ውስጥ አስተካክላ አትከፍልም፤ ከስምንቱ አምስቱ አውራ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ለዘጠኝ ሴቶች ስድስት አውራዎች ሆኑ ማለት ነው። አንድ አውራ ለዐሥር ያኽል ሴቶች እንደሚበቃ፥ እንቁላል ለመጣልማ ከቶውንም አውራ እንደማያስፈልግ፥ ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛም እናውቅ ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ የቤቱ ሰው ሁሉ ዐይኑን በአምስቱ ላይ ጣለ። እኛ ግን አንጀታችን እምቢ አለ። ከእጃችን ማሽላ ሲለቅሙ ያደጉ፥ በየማታው የቈጠርናቸው ስለ ነበሩ፥ እነዚህን አናርድም፥ አንሸጥምም ብለን ቈረጥን። ለበዓሉ የሚሆነውንስ ከወዴት አመጣችሁ የሚል አንባቢ ይኖራል። ከኤረር በር ገበያ አንድ የማናውቀው አውራ ገዝተን አረድን። ያን ዕለት በልተን ስንነሣ አንዳችም ነገር አልከበደንም፤ ይልቁንም አምስት ነፍስ ያዳንን መስሎን ራሳችንን አመሰገንን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያሳፍረናል። ሽልደሩፕ-ኤበ የተባለ የኖርዌይ ሊቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲመለከት ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ባሳተመው ጥናት፥ በዶሮዎች መካከል ማን ማንን እንደሚነቍር የታወቀ የማዕርግ ተራ እንዳለ ለዓለም አስረድቷል። ተራው ከታወቀና ከጸና ግቢው ሰላም ይሆናል፤ ካልጸና ግን ጠብ አያልቅም። የእኛ አምስቱ ጐረምሶች ከቀዩ አውራና እርስ በርሳቸው ሲደባደቡ ይውላሉ፤ ተሸናፊውም ንዴቱን በሴቶቹ ላይ ይወጣል። አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ የሴቶቹ ጀርባ ላባው ተነቅሎ ቆዳው ቀላ፤ ከዚያም ቈሰለ። ከሁሉ ይልቅ የተጐዳችው ረጋ ያለችው ገብስማይቱ፥ የአምስቱ እናት፥ ነበረች። መጣል ተወች። ቀን ቀን ወጥ ቤት ገብታ ከምጣዱ ጀርባ ትሸሸጋለች፤ የቤቱ ሰው ግን ኩሽናውን ታቈሽሻለች እያለ ወደ ውጭ ያባርራታል። እኛም ሲያባርሯት አይተን ዝም አልን። በግንቦት ወር አንድ ማለዳ በሩን ስንከፍት ከቆጡ ሥር ሞታ አገኘናት።

ጎረቤታችን ሐጂ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ግቢያችንን ከግቢያቸው የሚለየውም አንድ የድንጋይ አጥር ብቻ ነው። ገብስማይቱን ለመቅበር ስንቈፍር አዩን። ስድስት አውራ በየሌሊቱ ሲጮኽ አንድ ቀን እንኳ አጕረምርመው አያውቁምና፥ ይህንኑ አንሥተን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ልጆቼ» አሉን፥ «አውራ ዶሮ መስደብ በእኛ ዘንድ ክልክል ነው፤ ለሶላት ይቀሰቅሳልና። በጩኸቱ አላዘንሁባችሁም። ይህች ግን ምን አድርጋችሁ ነው?» እኛም አልገደልናትም፥ እንዲያውም ለማንም ቢላዋ አላነሣንም ስንል መለስን። ሐጂም የቈሰለ ጀርባዋን በበትራቸው እያመለከቱ «አዎን፥ ቢላዋውን አልያዛችሁም» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ይህን ቃል ብዙ ቀን አሰብንበት። ቤንታም የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1789 በታተመው መጽሐፉ፥ እንስሳ ሊታሰብለት የሚገባው ስለ አእምሮው ወይም ስለ አንደበቱ ሳይሆን ሥቃይ የሚሰማው ፍጥረት ስለ ሆነ ነው የሚል አሳብ አቅርቧል። ካንት በበኩሉ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰውም ላይ መጨከንን ስለሚለምድ ራሱን እንዲጠብቅ መክሯል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ተናግረዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም በተለይ የሚገሥጹት ጨካኙን ሰው ነው። ልቡ የራራውን ሰው ማን ይገሥጸው? እኛ እኮ አልጨከንንም። ለአምስቱ አዘንን፤ ኀዘናችንም እውነተኛ ነበረ። ያልከፈልነውን የርኅራኄያችንን ዋጋ ግን አንዲት ዝም ያለች ፍጥረት በጀርባዋ ከፈለችልን። አናርድም፥ አንሸጥም ማለታችን ከፍርድ መሸሽ መሰለን እንጂ፥ እርሱ ራሱ በገብስማይቱ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነበር።

በጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ነገር ሳያውቀው አይቀርም። ፊቱ ቆሞ የሚለምነውን ሰው እምቢ ለማለት አንጀቱ ስለማይችል፥ ስሙ በመዝገብ ብቻ የሚታወቀውን፥ በሩቅ ሆኖ ተራውን የሚጠብቀውን ሰው ይበድላል፤ ማታም ቤቱ ሲገባ ዛሬ ለአንድ ችግረኛ ራራሁ ብሎ በሰላም ይተኛል። ትምህርቱን ያላወቀውን ተማሪ በእዝነት የሚያሳልፍ መምህርም እንደዚሁ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው መምህሩ ሳይሆን አንድ ቀን ሕመሙን ለዚያ ተማሪ የሚያሳየው በሽተኛ ይሆናል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውንም ክፉ ልንላቸው አይቻለንም። እኛም እንደ እነርሱ ነንና።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ማረድ ደግነት ነው ወደሚል ድምዳሜ የሚሮጥ ቢኖር አብረነው አንሮጥም። ፍርዱ እጅግ የቀለለበትን ስፍራ ደግሞ እንመልከት። በታላላቆቹ አገሮች የእንቁላል ዶሮ ማስፈልፈያዎች ውስጥ ጫጩቶቹ በተፈለፈሉበት ቀን ሴቱ ከወንዱ ይለያል፤ ወንዱም እንቁላል ስለማይጥል፥ ለሥጋ ተብሎ የተመረጠ ዘርም ስላልሆነ፥ በዚያው ዕለት ይገደላል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥታ ይህን ሥራ በሕግ ከልክላለች። በዚያ ስፍራ የማንም ዶሮ ጀርባ አይቈስልም፤ ነገሩም ሁሉ በሥርዓት ይከናወናል። ነገር ግን የትኛው ይሙት ብሎ የተጨነቀ፥ መልኩን ያየ፥ በማታ የቈጠረ ሰው አይገኝም። እንቁላሉን የሚበላውማ በርቀት ስላለ ጫጩት መኖሩንም አያስብ። እኛ ከፋሲካው አውራ ጋር የነበረን ዝምድና ከዚህ በምን ይለያል ብለን ራሳችንን ጠይቀን ጥሩ መልስ አላገኘንም።

ወንድና ሴት ዶሮ አብረው የሚኖሩበት ግቢ ከሁለቱም መሸሻ ይነሣል። አውራውን ወር በወር ታየዋለህ፤ ሲያድግ፥ መጮኽ ሲጀምር፥ ጥሬ ሲያገኝ። ከዚያ በኋላ መወሰን አለብህ፤ ካልወሰንህ ደግሞ ሌላይቱ ትከፍላለች። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት የሚሣለቀው በዶሮይቱ ላይ ነው፤ ካራውን የቀበረው ሰው ግን በተረቱ ውስጥ ስሙ አልተጠራም።

በመጨረሻም ወሰንን። ቀዩን አውራ አስቀረነው፤ ምክንያቱም ጥሬ ሲያገኝ ራሱ ከመብላቱ በፊት ሴቶቹን ይጠራል፥ ጭልፊትም ሲያይ ከሁሉ ቀድሞ ይጮኻል። ከጐረምሶቹ ሁለቱን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ አረድናቸው። ቢላዋውን ለሌላ ሰው አልሰጠንም፤ በተሳለ ካራ፥ ሌሎቹ በማያዩበት ስፍራ፥ ሳናስጨንቅ ለማድረግ ሞከርን። ወጡን በዚያ ቀን የበላነው እንደ ፋሲካው አልነበረም። ሁለቱን ለገበያተኛ ሸጥን፤ መሸጥ ማለት ካራውን ለሌላ ማቀበል መሆኑን ግን አልዘነጋንም። ገዢው እግራቸውን አስሮ ሊያንጠለጥላቸው ሲል በክንዱ እንዲያቅፋቸው ለመንነው። ሳቀብን፤ ሆኖም እስከ በሩ ድረስ አቅፏቸው ሄደ። ከበሩ ወዲያ ያደረገውን አላየንም።

አምስተኛው ለሐጂ ነው የደረሰው። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የእስላሙን፥ እስላሙም የክርስቲያኑን እርድ እንደማይበላ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሥጋ ከግቢ ወደ ግቢ አይሻገርም። እንቁላል ግን ይሻገራል፤ በዓቢይ ጾም እኛ የማንበላውን ሐጂ ቤት እናደርሳለን፥ እርሳቸውም በረመዳን ማታ ማታ ቴምር ይልኩልናል። በሕይወት ያለ ዶሮም ይሻገራል። ጐረምሳውን አቅፈን ወስደን ለበዓልዎ ይሁንልዎ አልናቸው። ሐጂም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ክንፉን ገልጠው፥ ደረቱን ዳስሰው መረመሩት፤ ከዚያም እስከ በዓሉ ምን ሲበላ እንደ ኖረ፥ ማታስ ከየት ማደር እንደሚወድ ጠየቁን።

አሁን ከገብስማይቱ ልጆች አንዲቱ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋለች፤ ዛሬ ዐሥራ አራተኛ ቀኗ ነው። በማለዳ ጥሬና ውሃ ስናስጠጋላት ሐጂ ከአጥሩ ባሻገር «እንዴት አደረች?» ይሉናል፤ ደኅና ናት እንላቸዋለን። ስንቱ አውራ እንደሚሆን ገና አልታወቀም።