መመርመርና ማመን ይጣላሉን?



በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናነሣ ያሰብነው በዩኒቨርሲቲም ሆነ በዚህ በቤታችን ደጋግሞ የሚገጥመንን አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ አጥብቆ የሚመረምር ሰው እምነቱን ማጣቱ አይቀርምን? የሚል ነው። በዩኒቨርሲቲ አንዳንድ ጓደኞቻችን «አይቀርም» ይሉናል። በመካከላችንም «አይቀርምና አትመርምሩ» የምንል አለን። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ቢመስሉም በዚህ ነገር ተስማምተዋል።

እስቲ አስቀድመን ራሳችንን እንፈትን። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ በአንድነት በ110 ብር ተገዙ እንበል። ደብተሩ ከእርሳሱ በ100 ብር ይበልጣል። የእርሳሱ ዋጋ ስንት ነው? ብዙዎቻችን ወዲያው «10 ብር» እንላለን። ነገር ግን እርሳሱ 10 ብር ከሆነ ደብተሩ 110 ብር ይሆናል፤ ድምሩም 120 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 5 ብር ነው። ይህን የመሰለ ጥያቄ ሼን ፍሬድሪክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ፈተና ውስጥ ይገኛል፤ በታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ብዙ ተማሪዎችም ስተውታል። የሳቱት ሒሳብ ስለማያውቁ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣላቸውን መልስ መልሰው ስላልመረመሩ ነው እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዊል ጀርቬይስና አራ ኖሬንዛያን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ፈተና ከእምነት ጋር አያያዙት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በትክክል የሚመልሱ ሰዎች እምነታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ እንዳገኙት ጻፉ። ደግሞም ሮዳን የቀረጸውን፣ አገጩን በእጁ ደግፎ የሚያስበውን ሰው ሐውልት በፎቶግራፍ ያዩ ሰዎች በእግዚአብሔር ማመናቸው እንደ ቀነሰ ገለጹ። ወሬው በብዙ አገር ተሰማ፤ ጓደኞቻችንም «ሳይንስ አረጋገጠው» አሉን።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች የሐውልቱን ፈተና ከ900 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ቢደግሙት ያ ለውጥ አልተገኘም። በ2018 ጀርቬይስ ራሱ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ13 አገሮች ከ11,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ሲመረምር፣ በመመርመርና ባለማመን መካከል ያለው ግንኙነት ደካማና ከአገር አገር የሚለያይ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ጥናት ድካም እንደ ነበረበትም በግልጽ አምኗል። እንግዲህ «ሳይንስ አረጋገጠው» ያሉት ጓደኞቻችን «10 ብር» ብለው ኖሯል። ይሁን እንጂ እኛም ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያውስ እምነታችን ተረጋገጠ» ብንል ያው «10 ብር» ማለታችን ነው። የአንድ ጥናት መድከም የእግዚአብሔርን መኖር አያስረዳምና።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት አንድ ታናሽ ወንድማችን በጉባኤያችን መካከል ተነሥቶ «እግዚአብሔር የሚያስፈልገንን አስቀድሞ ካወቀ ስለ ምን እንጸልያለን?» ሲል ጠየቀ። መርሐ ግብሩን የምንመራው እኛ ነበርን። «ይህ የጥርጥር መንፈስ ነው፤ ተጠንቀቅ» አልነው። ሌሎቹም ሣቁበት። ከዚያች ዕለት ወዲህ አልመጣም። በኋላ በመንገድ ስናገኘው «ተቆጣችሁኝ እንጂ አልመለሳችሁልኝም» አለን። እውነቱን ነበር። ሰነፎቹ እኛ ነበርን፤ የሚያስበው እርሱ ነበር። ያን ቀን የሰጠነው መልስ ከእምነታችን ብዛት የወጣ መስሎን ነበር። ስንመረምረው ግን የወጣው መልሱን እንዳላወቅን እንዳይታወቅብን ከመፍራታችን ነው።

ይህ ልማድ ከአባቶቻችን የተማርነው አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ይፈታል፤ የተቀኘውንም መምህሩ ፊት አቅርቦ ይታረማል። በትርጓሜ መጻሕፍት ቤትም መምህሩ ለአንድ ቃል አንድ ፍች ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። «አንድም» የጥርጥር ቃል አይደለም፤ በመጀመሪያ በመጣው ፍች ብቻ ላለመቆም የሚያስተምር ቃል ነው እንጂ። እንዲህ ባለ ቤት ያደግን ልጆች ጥያቄን እንደ ወንጀል ልንቈጥር ይገባናልን?

ቅዱስ ቶማስንም እናስታውስ። ባልንጀሮቹ የጌታን መነሣት ሲነግሩት፣ የቁስሉን ምልክት ሳያይ እንደማያምን ነገራቸው። እነርሱ ግን ከመካከላቸው አላስወጡትም። ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ዳግመኛ ሲገለጥ ቶማስን በዚያው ቤት አገኘው። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ ታስበዋለች። ሐዋርያት ቶማስን ስምንት ቀን ታገሡት፤ እኛ ግን ወንድማችንን አንዲት ሰዓት እንኳ አልታገሥነውም።

መመርመር ብቻውን ሰውን ወደ እምነት ያደርሳል አንልም። የእርሳሱን ዋጋ ማስላት አንድ ነገር ነው፤ በሌላው መታመን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መመርመር የውሸቱን መልስ ከፊታችን ያነሣልናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን በጸሎትና በትዕግሥት እንሄደዋለን። በጥያቄው ላይም አስበንበታል። እናት ልጅዋ መራቡን ሳይነግራት ታውቃለች፤ ሆኖም ልጁ «እማዬ» ብሎ ሲጠራት በሁለቱ መካከል ያለው ፍቅር ይጸናል። ጸሎትም እንዲህ ይመስለናል። ይህ ሙሉ መልስ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ወንድማችን ቤት ለመሄድ ወስነናል። አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ ከዚያም ጥያቄውን እንደ ገና እንዲነግረን እንለምነዋለን። በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።