በዕድሜ ማምሻ ለአገልግሎት ስለ መውጣት

ሰው ጉልበቱ ከደከመ በኋላ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ወደ ውጭ አገር ቢሄድ፥ የዕድሜውን ትርፍራፊ አቀረበ ይባላልን? በእስቴ፥ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፥ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ባልና ሚስት ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው፥ መንኵሰው በዚያው ለመቅረት ሲሰናዱ ጎረቤቱ ሁሉ የሚከራከረው በዚህ ነበር። «በዚህ ዕድሜያቸው ምን ሊሠሩ ነው?» ይላል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በኢየሩሳሌም ያለው የዴር ሡልጣን ገዳማችን በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የተሠሩ ትንንሽ ጎጆዎች ናቸው። በ1838 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን በፈጀ ጊዜ መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። የሁለቱ ጸሎት ቤቶች ቁልፍም ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቈይቶ፥ በ1970 በትንሣኤ ሌሊት በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ ከግብጾች ጋር ያለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። እንዲህ ባለ ስፍራ ዋናው አገልግሎት በዚያ መኖር ነው። በጎጆዋ የሚያድር ሰው ከጠፋ ስፍራው ይጠፋል። ለዚህ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ምን ያንሰዋል?

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ባለትዳር ያለ ትዳር ጓደኛው ፈቃድ ሊመነኵስ አይገባውም፤ ሁለቱም ከመነኰሱ በኋላ እንደ ወንድምና እኅት ናቸውና። ባልየው በማኅበር መካከል «ተስማምተናል» ሲሉ ሚስትየው ዝም አሉ። ባገራችን የሴት ዝምታ እንደ እሺታ ይቈጠራል፤ በሠርግ ቀንም ያው ነው። የንስሐ አባታቸው ግን (ስለዚህ አከብራቸዋለሁ) ለብቻቸው ጠርተው ጠየቋቸው።

«አባቴ፥ መንገዱንስ እወደዋለሁ። ነገር ግን የሟች ልጄ ልጅ ገና ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለማን ልተወው?» አሉ።

ባልየው «ሞት ይቀድመናል» ብለው አዘኑ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ኢየሩሳሌምን እንደ ተመኙ ያረፉ ስንቶች ናቸው! ቢሆንም እኔ ከሚስትየው ጋር ነኝ። ገዳሙን ሌላ መነኵሴ ሊጠብቀው ይችላል፤ ልጁ ግን ከእርሳቸው ሌላ ማታ የሚጠብቀው የለውም።

ደግሞ ልጁ በዚያው ከተማ ሦስት አጎቶች አሉት። ከነርሱ አንዱ «እኔ አሳድገዋለሁ» ቢል ነገሩ ባንድ ቀን ባለቀ ነበር። ጎረቤቱ ስለ ሽማግሎቹ ሲከራከር ሰንብቶ ይህን የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም።